ልክ ያጣ ልብስ በጁባ ገበያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጁባ የሚበር መንገደኛ በአየር ላይ የሚቈየው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚበልጥ ደጋ ወርዶ፥ ከፍታው 550 ሜትር ገደማ ወደሚሆን ቈላ ስለሚገባ፥ ጧት ለብርዱ የደረበው ካፖርት በአውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ሸክም ይሆንበታል። እንግዲህ ጁባ ለእንግዳዋ የምታስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት የልብስ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ከተማይቱ የተቈረቈረችው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ላይ ነው፤ ወንዙም በዚያ ስፍራ ባሕር ኤል ጀበል፥ ማለት የተራራ ወንዝ ይባላል። ስሟን ያገኘችው በዚያ ከነበረች ከአንዲት የባሪ ሕዝብ መንደር ነው። እንግሊዞች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት የአስተዳደር መቀመጫ ሊያደርጓት ሲነሡ፥ የግሪክ ነጋዴዎች ቀደም ብለው ሱቅ ከሠሩባት ሰዎች መካከል ነበሩ። በሰኔ 1939 ዓ.ም. ስለ ደቡብ ሱዳን ዕጣ የተመከረበት ጉባኤ በዚህችው ከተማ ተደረገ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት የደቡቡ ራስ ገዝ መስተዳድር መቀመጫ ሆነች፤ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ የነጻይቱ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ለመባል በቃች።

በጁባ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ ከተማይቱ እንደ ገና ስትሠራ፥ ወገኖቻችንና ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ሆቴልና ምግብ ቤት በመክፈት፥ ዕቃም በማመላለስ ቀድመው ከገቡት እንግዶች መካከል ናቸው። ስለዚህም እዚያ እንጀራና ቡና ማግኘት አያስቸግርም፤ አማርኛ ሲነገር መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 2006 እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ በተነሣ ጊዜ ብዙዎቹ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ሸሽተው ነበር፤ ነገሩ በረድ ሲል ተመልሰው ሥራቸውን የቀጠሉም አሉ።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ሆቴሎቹና ስለ ወንዙ ውበት ለመናገር አላሰብንም። ያሰብነው ኮንዮ ኮንዮ ስለሚባለው ታላቅ ገበያ፥ ከዚያም ውስጥ በተለይ ስለ አሮጌው ልብስ ተራና በየበረንዳው መኪናቸውን ዘርግተው ስለሚውሉት ልብስ ሰፊዎች ነው። ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፥ ልጆችም ያሉት ቤተ ሰብ ወጪውን የሚያቀልበትን ዘዴ ከዚህ ገበያ ሊማር ይችላል ብለን እናምናለን።

ይህ ልብስ ባገራችን ሳልባጅ ወይም ቦንዳ የሚባለው ነው። በኬንያና በታንዛንያ ሚቱምባ ይሉታል፤ በስዋሂሊ ቋንቋ እስር ወይም ጥቅል ማለት ነው። በዛምቢያ ሳላውላ ይባላል፤ ይኸውም ከክምር ውስጥ እየበረበሩ መምረጥን ያመለክታል። የጋና ሰዎች ግን ኦብሮኒ ዋዉ፥ ማለት የሞተ ነጭ ልብስ ብለው ሰየሙት፤ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ደኅና ልብስ አውጥቶ ይሰጣል ብሎ ማመን አቅቷቸው ይመስላል። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከባሕር ማዶ በመርከብ እስከ ሞምባሳ ወደብ ይመጣና፥ በኡጋንዳ አቋርጦ በኒሙሌ ኬላ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ይገባል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 አስፋልት ከለበሰ ወዲህ፥ ሰውም ልብስ የሚለብሰው በዚያው መንገድ በሚመጣው ዕቃ ነው።

ቸርቻሪው ጥቅሉን ሳይፈታ ይገዛዋል። ሲፈታው አንዱ ለገበያ የሚበቃ፥ አንዱ ለመወልወያ ብቻ የሚሆን ይወጣለታል። ገዢውም በበኩሉ መሬት ላይ በተነጠፈው ሸራ ዙሪያ ጐንበስ ብሎ ይመርጣል፤ ቀለሙ ይስማማዋል፥ ጨርቁም ጠንካራ ነው፥ ዋጋውም ይቀመሳል፤ ችግሩ ልኩ ብቻ ነው።

የልኩ ችግር በጁባ ከሌላው ከተማ ይልቅ የጐላበት ምክንያት አለው። ልብሱ የተቈረጠው ለሌላ አገር ሰው አካል ነው፤ የዲንካ፥ የኑዌርና የሽሉክ ተወላጆች ደግሞ በቁመታቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ስሙ የተጠራው ማኑት ቦል ዲንካ ነበር፤ ቁመቱም 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር እንደ ነበረ ይነገራል። ሁሉም እንደ እርሱ ባይሆንም፥ ቀጭንና ረዥም የሆነ ጐልማሳ ከክምሩ ውስጥ ያነሣው ሱሪ ወገቡ ለሁለት ሰው ይበቃል፥ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል። የሸሚዙ እጅጌ የእጁን አንጓ ሳይደርስ ይቆማል፥ ሆዱ ላይ ግን እንደ ድንኳን ይነፋል። ከዚሁ ገበያ የምትገዛው አጭርና ደልዳላ ሴት ደግሞ ተቃራኒው ይደርስባታል፤ ቀሚሱ ምድር ይጠርጋል፥ ብብቱ ላይ ግን ይይዛታል።

ይህ የጌጥ ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ እንዳይኖር እንፈራለን። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተፈቀደ ጊዜ፥ ባንድ ቀን ውስጥ አንድ ዶላር ከ3 ፓውንድ ገደማ ወደ 18 ፓውንድ ዘለለ፤ ከዚያም ወዲያ እየወረደ ሄደ። ቍርጥ ደመወዝ የሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዙ ዋጋ እጁ ላይ ቀለጠ፤ በቅርብ ዓመታትም ለብዙ ወራት ሳይከፈል የቀረበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ጧት ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ንጹሕና የሚመጥነውን ለብሶ እንዲታይ ይጠበቅበታል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚለምን ወጣትም እንደዚሁ ነው፤ ጠያቂው ገና አንድ ቃል ሳይጠይቀው የሱሪውን እጥረት ያይበታል። አዲስ ልብስ መግዛት የማይቻል ሲሆን፥ በአሮጌው ልብስና በሰውየው አካል መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው መርፌ ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት እንዘግይ። አማርኛን ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ከዐዋጅ ለሚያጠኑ አንባቢዎቻችን የልብስ ሰፊ ቃላት እንግዳ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በመዝገብ ቤት ውስጥ ስለማይገኙ ነው። መተርተር ማለት የተሰፋውን ስፌት ክሩን እየቈረጡ መፍታት ነው፤ መቅደድ ግን ሌላ ነው፤ ጨርቁን ራሱን መጉዳት ነው። መወስወስ ዋናው ስፌት ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁን በረጃጅም ስፌት ለጊዜው ማያያዝ ነው። መቀምቀም ጫፉን አጥፎ መስፋት ሲሆን፥ መዘምዘም ደግሞ የተቈረጠው ጫፍ እንዳይተረተር ዙሪያውን በክር መያዝ ነው። ገበር ከውስጥ በኩል የሚሰፋው ሁለተኛው ጨርቅ ነው። እነዚህን ቃላት የያዘ ሰው ልብስ ሰፊው ፊት ቆሞ በጣቱ ብቻ እየጠቈመ ከመነጋገር ይድናል።

በጁባ በረንዳ ላይ ያየነው ሥርዐት እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው ብዙውን ጊዜ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዞ ይቀመጣል፤ የከተማይቱ መብራት የሚታመን ስላልሆነ በእግር የሚሠራው መኪና ከኤሌክትሪኩ ይመረጣል። አይዛክ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1851 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መኪና በመሠረቱ ያልተለወጠ ሆኖ እዚህ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም። ደንበኛው ልብሱን ለብሶ ይቆማል፥ ሰፊው ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ይመለከተዋል፥ ከዚያም በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ ሁለት ሦስት መስመር ያሠምራል። ብዙው ነገር ግን ያለ መኪናም ቢሆን በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብሱ ሊታጠብና ሊተኰስ ይገባዋል። ይህም ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ጥጥ የሆነ ጨርቅ በውሃ ሊኰማተር ስለሚችል፥ ሳይታጠብ የተቈረጠ ሱሪ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥራል። ቀጥሎ ልብሱን ገልብጦ፥ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ መልበስና ትርፉን በመርፌ ቁልፍ መያዝ ነው። ለራስ መያዝ አይቻልም፤ ሰውነት ሲታጠፍ ልኩ ስለሚለወጥ፥ ሚስት ለባሏ፥ እኅት ለወንድሟ፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ለባሹ ይቀመጥ፥ ይነሣ፥ እጁንም ወደ ላይ ያንሣ። ቆሞ ልክ የሆነ ልብስ ተቀምጦ ሲጨንቅ ብዙ ጊዜ ይታያል። መቀስ የሚነሣው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው።

የሱሪ ወገብ ከሰፋ መድኀኒቱ ከበስተኋላ ነው። የወንድ ሱሪ ሲሠራ በኋላው መካከለኛ ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ የሚተወው ለማስፋትና ለማጥበብ እንዲመች ታስቦ ነው። በመጀመሪያ መካከለኛው የቀበቶ ማስገቢያ ይተረተራል፤ የወገቡም ጥምጥም ጨርቅ ከዚያው ቦታ ግራና ቀኝ ጥቂት ይፈታና መካከሉ ይቈረጣል። ከወገቡ ጀምሮ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ በመቀመጫው ላይ ከቀድሞው ስፌት ጋር የሚገናኝ መስመር ይሠመራል፤ ይወሰወሳል፥ ይለካል፥ ይሰፋል። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሰ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቢያወጣው፥ ስፌቱ ጥንካሬው ከመኪና ስፌት ብዙ አያንስም። የገባው ጨርቅ ከ5 ሳንቲ ሜትር የበለጠ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው እንደ ሁለት ዐይን ይተያያሉ፤ ያን ጊዜ ከጐንና ከጐን መቀነስ ይሻላል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው በጥምጥሙ ውስጥ ከኋላ በኩል ላስቲክ ያስገባ፤ ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ እየጐተተ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች አጥብቆ ይስፋቸው። ቀበቶ ከታጠቀበት ማንም አያይበትም።

የጁባ ልብስ ሰፊዎች ጥበብ የሚታየው ግን በአጭሩ ሱሪ ላይ ነው። በመጀመሪያ የሱሪው ጫፍ ይገለበጥና ምን ያህል ትርፍ እንደ ታጠፈ ይታያል፤ በደኅና ሱሪ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይገኛል። ጫፉ ተተርትሮ ይህ ሁሉ ወደ ታች ይለቀቃል። ለማጠፍ የሚቀር ጨርቅ ስለማይኖር ከሌላ አሮጌ ሱሪ ወይም ከገበር የተቈረጠ፥ ወርዱ አራት ጣት የሆነ ቅዳጅ ይፈለጋል። መልኩ ከሱሪው መልክ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ዳር ለዳር ይሰፋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገለበጥና ከላይ እንዳይታይ ሆኖ በቀጭን ስፌት ይያያዛል። ስለዚህ ሱሪው ያለውን ቁመት ሁሉ ይጠቀማል ማለት ነው። የቀድሞው እጥፋት ምልክት እንዳይቀር አንድ እጅ ኮምጣጤ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጦ፥ ጨርቁን በዚያ አርሶ፥ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጎ በጋለ ካውያ መተኰስ ይረዳል። ኮምጣጤው ቀለም እንዳያበላሽ ግን አስቀድሞ ከውስጥ በማይታይ ቦታ ይሞከር። በጂንስ ላይ ያ ነጭ መስመር ከነጣ በኋላ አይለቅም፤ በከንቱ መድከም ነው።

የሸሚዝ ነገር ከዚህ ይቀልላል፤ ምርጫው ግን ዐይን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሸሚዝ የሚመርጠው ከሆዱ ላይ በመለካት ነው፤ እኛ ግን ባንገትና በትከሻ እንዲመረጥ እንመክራለን። ጐኑ የሰፋ ሸሚዝ ከብብት እስከ ታች በሁለት ስፌት ይጠባል፤ ትከሻው የወረደ ሸሚዝ ግን እጅጌው ተፈትቶ እንደ ገና ካልተሰፋ አይቃናም። ጐኑን ማጥበብ ያልበቃው ሰው በጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም እጥፋቶች ይስፋበት፤ እጥፋቶቹ በወገቡ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይግቡ፥ ወደ ላይና ወደ ታች ግን እየሳሱ ሄደው ምንም ይሁኑ። እጅጌው ያጠረ ሸሚዝ በጁባ ሙቀት ዘንድ ችግር አይደለም፤ ከክርን በላይ ተቈርጦ በሁለት ጣት ወርድ ይቀመቀማል፥ ነገሩም ያበቃል። ከሱም የተረፈው ጨርቅ አይጣልም፤ የተበላ ኮሌታ ይጣፍበታል። የኮሌታ ነገር ከተነሣ ደግሞ አባቶቻችንም ያውቁት የነበረ ዘዴ አለ፤ ኮሌታው ከሸሚዙ ላይ ተተርትሮ፥ ያልተበላው ወገን ወደ ውጭ ተገልብጦ፥ እንደ ነበረ ይሰፋል። ሸሚዙ በዚህ ብቻ አንድ ሁለት ዓመት ዕድሜ ይጨምራል።

ስለ ኮት የምንለው ጥቂት ነው። የኮት እጅጌ ሊያጥር ይችላል፥ ጐኑም ሊጠብ ይችላል፤ ትከሻው ከሰፋ ግን አለመግዛት ይሻላል። በትከሻው ውስጥ ያለውን ጥጥ አውጥቶ የጠበበ የሚመስለው አለ፤ ኮቱ ግን ወዲያው እንደ ባዶ ጆንያ ይወድቃል። በሙቀቱ ምክንያት ገበሩን ፈትተው የሚያወጡ አሉ፤ ይህ ደኅና ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የውስጡ ስፌት ሁሉ መዘምዘም አለበት፤ አለዚያ ኮቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከውስጥ ተተርትሮ ያልቃል። የጁባ ሙቀት እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መንግሥት በአገሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶች በሙሉ በሙቀት ምክንያት ዘግቶ ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ ሆነ። ስለዚህ ከክምሩ ሲመረጥ ጥጡን ከናይሎኑ መለየት ከልኩ ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

ከአሮጌው ልብስ ተራ ወጥተው ጥቂት ሲሄዱ ግን ልክ የሚባል ነገር የማያስጨንቀው ሌላ ልብስ ያገኛሉ። የደቡብ ሱዳን ሴቶች ላዎ የሚሉት አንድ ወጥ ጨርቅ አላቸው፤ ባንድ ትከሻ ላይ ቋጥረው በቀሚሳቸው ላይ ይደርቡታል። ረዥሟም አጭሯም፥ ወፍራሟም ቀጭኗም ያንኑ ትለብሳለች፤ የሚለወጠው የቋጠሮው ቦታ ብቻ ነው። ይህን ባየን ጊዜ የራሳችን ነጠላ፥ ኩታና ጋቢ ትዝ አሉን። እነርሱም ቍጥር የላቸውም፤ እናት የለበሰችውን ልጅ ትለብሰዋለች፥ አማችም ይዋሰዋል። ልብስ ለሰው ልክ ማጣት የጀመረው ጨርቅ በመቀስ ተቈርጦ በአካል መልክ መሰፋት ከጀመረ ወዲህ ነው።

በዚያው አቅራቢያ ሚላያ የሚባለውንም አየን። ሚላያ በዐረብኛ የአልጋ ልብስ ማለት ሲሆን፥ የደቡብ ሱዳን ሴቶች በላዩ አበባና ወፍ በልዩ ልዩ ቀለም ክር ይጠልፉበታል። ሴቶቹ በስደት አገር ሳሉም ይህን ሥራ አልተዉትም፤ በኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈሮች ውስጥ እየጠለፉ የሚሸጡ አሉ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ መርፌ ስትይዝ ያየ ሰው፥ ሱሪ መቀምቀም ለእርሷ ጨዋታ መሆኑን ይረዳል።

ወገኖቻችን በሚሠሩበት በአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ደግሞ የአገር ልብስ ጕዳይ ተነሥቶ ሰማን። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ለበዓል ያስመጣችው የሐበሻ ቀሚስ ረዝሞባት፥ በዕድሜ የሚበልጧትን ሴት፦ «እትዬ፥ እባክዎ ከታች ቈርጠው ያሳጥሩልኝ» ብላ ለመነች። ሴትዮዋም ቀሚሱን እያገላበጡ፦ «ጥበቡን ከቈረጥኩት ምን ሊቀርሽ ነው ልጄ?» አሉና፥ ወገቡን ተርትረው ትርፉን ከዚያ አስገቡት። በእውነቱም የሐበሻ ቀሚስ ውበቱ ከታች ስለሆነ እጥረቱም ርዝመቱም መስተካከል ያለበት ከወገቡ ነው። የወገብ ስፌት የሌለው ቀሚስ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከጥበቡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን አንድ እጥፋት ከውስጥ ይሰፋለታል። ጨርቁ ስስ ስለሆነ መርፌውም ክሩም ቀጭን ይሁን።

ስለ አሮጌ ልብስ የሚነገረው ክርክርም መታለፍ የለበትም። የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበር አባል መንግሥታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ይህን ልብስ ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር፤ ደቡብ ሱዳንም ወደ ማኅበሩ የገባችው በዚያው ዓመት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የቀረጥ ነጻ ዕድላችሁን እነሣለሁ ባለ ጊዜ ሌሎቹ ሲያፈገፍጉ፥ ሩዋንዳ ብቻ በሐሳቧ ጸናች፤ በአንድ ኪሎ ግራም ላይ ከ20 የዶላር ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያሳደገችውንም ቀረጥ አላነሣችም። በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ዕድል ታገደ። ባገራችንም አሮጌ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ሲሆን፥ በኮንትሮባንድ የገባው በየገበያው ሲሸጥ ይታያል። የሸማኔውንና የፋብሪካውን ጥቅም የሚያስቡት እውነት አላቸው፤ የደመወዙን ዋጋ ያጣው ሰው ችግርም እውነት ነው። እኛ እንደምናየው መርፌ ከሁለቱም ወገን ጋር ይስማማል፤ ቀድሞ በሣጥን ያለውን ልብስ የሚያድስ ሰው ከማንም አገር ሌላ ጥቅል እንዲመጣለት አይጠብቅምና። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ፥ ከ1941 እስከ 1949 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ልብስን በኩፖን ስታድል መንግሥቷ ለእመቤቶች ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ በ1943ም ያለውን አድሶ መልበስን የሚያስረዳ መጽሔት አሳትሞ አሠራጨ።

በመጨረሻ ስለ ልጆች ዩኒፎርም የሰማነውን እንጨምር። የጁባ እናቶች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲያሰፉ ሆን ብለው ለልጁ የሚበልጠውን ያዛሉ። ልጂቱ በትርፉ እንዳትጠለፍ ከጫፉ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ሁለት ጣት የሚሆን እጥፋት ይሰፋለታል፤ አንዳንዱም ሁለት እጥፋት አንዱን ካንዱ በላይ ያደርጋል። የእጥፋቱ ጥልቀት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሲፈታ 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጣል። ስፌቱ በመኪና ሳይሆን በእጅ፥ በረጃጅሙ ቢሰፋ ሲፈታ ጨርቁን አይጐዳም። አዲሱ የትምህርት ዓመት ሊከፈት ሲል እናትየዋ የታችኛውን እጥፋት ክር በምላጭ ጫፍ ትፈታለች፥ ቀሚሱን አጥባ ታሰጣዋለች፥ ከሥሩ የወጣውና ያልነጣው የጨርቁ ቀለም ከቀሪው ጋር እስኪመሳሰል ድረስም ጥቂት ቀን በፀሐይ ላይ ትተወዋለች።